ሕፃኗ ተኝታለች

የሥራ ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ከወፍራሙ መስታወት በስተጀርባ ተቀምጦ የሰው ድምፅ ሲያጸዳ የሚውል ባለሙያ ነው። ዜና አንባቢው ቢያስነጥሰው ይቆርጣል፤ እንግዳው ምራቁን ቢውጥ ይቆርጣል፤ ወንበር ሲጥ ካለ፣ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ፣ ተናጋሪው «እእእ» እያለ ሐሳቡን ከፈለገ ይቆርጣል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው፣ ሬዲዮ ላይ የሚናገሩት ሁሉ ሳል የማያውቃቸው፣ ቃል የማይጠፋቸው ፍጡራን ይመስሉታል። ይህ ሁሉ የመቀስ ሥራ ነው፤ እሱም ሥራውን እንደ ዐይኑ ብሌን ነው የሚያየው።

አንድ የተለየ ልማድም አለው። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት መዳፉን ወደ ላይ አንስቶ ሁሉንም ሰው ዝም ያሰኝና የባዶውን ክፍል ዝምታ ይቀዳል። ኋላ ሳሉንና ትንፋሹን ሲቆርጥ የቀረውን ቀዳዳ በዚያ ዝምታ ይደፍነዋል። «ዝምታም እንደ ጨርቅ ነው፤ ቀለሙ ካልገጠመ መጣፊያው ያስታውቃል» ይላቸዋል አዳዲስ ሠራተኞችን። እነሱም ከኋላው ይስቁበታል፣ የሚለውን ግን ያደርጋሉ።

እግዜር ሲቀልድ ታዲያ፣ ለዚህ ሰው የሰጠው አማት የሰፈሩ ሰው «እማማ ሬዲዮ» የሚላቸውን ሴት ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው። እግራቸው የስፌት መኪናውን ሲረግጥ አፋቸውም አብሮ ይሠራል፤ ሲለኩ ያወራሉ፣ ሲቆርጡ ያወራሉ፣ ደንበኛው ከሄደ በኋላም ለመርፌው ያወራሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው የአገር ምድሩን ወሬ ተሸክሞ ይወጣል። ሆኖም አማትና አማች ይዋደዱ ነበር። «ልጄ፣ ጣቢያ የምትቆርጠውን እኔ ጋ አምጣልኝ፤ ቀጣጥዬ አወራዋለሁ» እያሉ ሲያሾፉበት እሱም ከልቡ ይስቅ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ሳትጠበቅ ነው። ሰባት ወር እንኳ በወጉ ሳይሞላት፣ ልብስ ሳይሰፋላት፣ ስም ሳይታሰብላት ዱብ አለች። የአባቷ የጋብቻ ቀለበት ክንዷ ላይ ይገባ ነበር። ከማሳዘኗ የተነሳ ሰው ደፍሮ አያያትም፤ ካየም ዐይኑን መንቀል ያቅተዋል። አያቷ «ሚጢጢ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እናቲቱ ከምጡ ሳታገግም ፎቅ ላይ ተኝታ ስለነበር፣ ማሞቂያ ክፍል ገብተው ሕፃኗን መጀመሪያ ያዩት አባትና አያት ናቸው። ክፍሉ ውስጥ በየመስታወት ሣጥኑ የተኙ ጨቅላዎች አሉ፤ በየሣጥኑ ላይ አንድ አንድ ማሽን እየተቆጣ ይጮኻል። አንጋፋዋ ነርስ ጓንቷን እያወለቀች ቀረበቻቸው።

«ይኸውላችሁ» አለች፣ «እነዚህ ልጆች ጭንቅላታቸው ገና በሥራ ላይ ነው። እናታቸው ሆድ ውስጥ ማለቅ የነበረበት ሥራ እዚህ ነው የሚያልቀው። ጩኸት አይችሉም። የሣጥኑን በር ስትዘጉ እንዳታላጉት፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ጸጥታ በጣም ያስፈልጋቸዋል።»

ልክ ይህን ስትል የጎረቤቱ ሣጥን ማሽን ጮኸ። መቀስ ክው ብሎ ዞረ። የማሽኑ ድምፅ ጆሮውን ሰቅስቆ ያዘው፤ የምን ድምፅ እንደሆነ፣ ለምን ከፍ እያለ እንደሚሄድ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ሁሉ ሰማ። ነርሷ ግን ንግግሯን አላቋረጠችም ነበር፤ ለእሷ የዚያ ማሽን ጩኸት የዘወትር ነገር ነው። እሱ ፊቱን ሲመልስ «ገባችሁ?» እያለች ነበር፤ «ገብቶኛል» አላት። አልገባውም ነበር። የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ጆሮውን ከሰው ወስዶ ለማሽን ሰጠ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሚጢጢ ነፍስ ዘርታ፣ ትንሽ ሥጋ አውጥታ ቤት ስትገባ፣ መቀስ ቀድሞ ተሰናድቶ ጠበቃት። ጣቢያው ስቱዲዮ ሲያድስ የጣለውን ቀይ መብራት አምጥቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ከትንሿ ክፍል በር በላይ ሰቅሎታል። ማብሪያው ከበሩ ጎን ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። ሕጉ አጭር ነው፤ መብራቱ ከበራ ቤት ውስጥ ሰው አይናገርም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ድስት በጨርቅ ላይ ይቀመጣል፣ የበሩ መጥሪያ ሽቦው ይነቀላል። ጠያቂ ሲመጣ መቀስ በሩን ገርበብ አድርጎ በሹክሹክታ «ሕፃኗ ተኝታለች» ይላል፤ እንግዳውም «እሰይ፣ ትተኛ» ብሎ በጣቱ እየተራመደ ይመለሳል።

እማማ ሬዲዮ ይህን አልቻሉትም።

«ልጄ፣ ነርሷ እኮ አውሩላት ነው ያለችው» አሉት አንድ ቀን፣ ሚጢጢን ደረታቸው ላይ አስተኝተው እያወዛወዙ።

«እማማ፣ ነርሷ ጸጥታ ነው ያለችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ግማሹን ነዋ የሰማኸው! ያ ማሽን ሲጮህ አንተ ወደዚያ ዞረህ…»

«እኔ ሥራዬ መስማት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው እኔን አልሰማ አልክ?»

መቀስ ለቀናት እንቅልፍ አልነበረውም። ልጄ ትሞትብኛለች ብሎ ስለፈራ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ሲቆጥር ነው የሚያነጋው። በዚያ ላይ መብራቱ በርቷል፣ አማቱም ድምፃቸው ከፍ እያለ ነው። ያለ ወትሮው ቱግ አለ። «እርስዎ ሳያወሩ መዋል ስለማይችሉ ነው እንጂ ነርሷስ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም!» አላቸው።

 እማማ ሬዲዮ ልጅቷን ቀስ ብለው ለእናቷ አቀበሉና ሻርፓቸውን አነሱ። «አፌን በር ላይ አውልቄ የምገባበት ቤት አላውቅም» አሉ፤ ይህንንም፣ መቼም ትዕዛዝ ነውና፣ በሹክሹክታ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል ሲሆን ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ቀዩ መብራት ሥር ለአፍታ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ የልጅቷን ራስ ዳብሰው ይሄዳሉ። ተቀያይመው ቀሩ።

ሚስቱስ ምን አለች? ምንም። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሥራ ቦታዋ ሳቂታና ተጫዋች ናት ይሏታል። ዕቃ ስታጥብ የማንጎራጎር ልማድ ነበራት፤ እሱንም ተወችው። በባሏና በእናቷ መሃል ተይዛ፣ ልጇንም እንዳታጣት ፈርታ፣ ዝም ማለቱ ቀሎ ታያት። እናቷ የነገሯትን አላመነችም አይባልም፤ አምና ዝም አለች። ይህ ደግሞ ኋላ ከባሏ የባሰ አንገበገባት።

ልጅቷ ዳነች። ጥርስ አበቀለች፣ ዳዴ አለች፣ ቆመች። አደጋው ካለፈ መብራቱ መውረድ ነበረበት፤ ማንም አላወረደውም። ሚጢጢ የጨቅላ አልጋዋ ሲጠባት በወላጆቿ ክፍል ውስጥ ሌላ አልጋ ተዘረጋላት፤ ትንሿ ክፍል አሮጌውን አልጋና የካርቶን ክምር ይዛ ተዘጋች። መቀስ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሲለቅም ውሎ ማታ ሲመጣ ራሱን ስለሚያመው፣ ሚስቱ ያንኑ መብራት ታበራለታለች። ሰው በር ላይ ሲመጣም ያችኑ የለመዷትን ይላሉ፤ «ሕፃኗ ተኝታለች።» ሚጢጢ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ እያለች እንኳ ይሉት ነበር። አንዲት ጎረቤት «እንዴ፣ ሁለተኛ ወለዳችሁ?» ብላ ጠይቃ፣ ባልና ሚስቱ በሩን ዘግተው አፋቸውን አፍነው ስቀዋል። ልጅቷ አልሳቀችም። ወላጆቿን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ የተዘጋውን በር አየች፤ ይህን ግን ማንም ልብ አላለም።

ሰፈርተኛው ይቀናባቸው ነበር። «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ድምፅዋ እንኳ አይሰማም!» ይላል። መቀስ ደረቱ ይነፋል። ሚጢጢ የምትፈልገው ነገር ቢኖር በጣቷ ታሳያለች፣ ሲሰጧት ራሷን ነቅንቃ ታመሰግናለች። ቢበዛ በሹክሹክታ ሁለት ቃል ትናገራለች። ያቺ የሰው መዳፍ የማትሞላ ልጅ ለዚህ መድረሷን ሲያይ፣ ያዳናት ዝምታው እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠረም።

ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ዓመት መምህርቷ አስጠራችው።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ ተማሪዎቹ ውጭ ይራወጣሉ። መቀስ ለልጆች በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ ተቀመጠ። ሚጢጢ ከጎኑ ቆማለች።

«ልጅዎ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም» አለች መምህርቷ። «የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ፊደሉን ለይታለች፣ ጎበዝ ናት። ስትገጣጥመው ግን በጣም ትዘገያለች። ገጣጥማ ከጨረሰች በኋላም የሆነ ነገር ይጎድላል። እስቲ እርስዎም ይዩት።»

መጽሐፉን ገልጣ አንድ ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሚጢጢ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማው በግድ ነው።

«መ… ሰ… ላ… ል።»

«ጎበዝ! አንድ ላይስ?»

«መሰላል» አለች፣ ከብዙ ጥረት በኋላ። ከዚያም እንደ ተቸገረ ሰው አባቷን አየችው።

«መሰላል ምንድን ነው?» አለቻት መምህርቷ።

«አላውቅም።»

መቀስ ደነገጠ፤ አፍሮም ሳቅ አለ። «ምን ማለትሽ ነው? ቤታችን አለ አይደል እንዴ! ከዋናው በር ኋላ የቆመው! ያ ረጅሙ፣ መርገጫ መርገጫ ያለው!»

ሚጢጢ ዐይኗ ፈጠጠ። «እሱ ስም አለው?» አለች በሹክሹክታ።

 ሁልጊዜ ከቤት ሲወጡ ሲገቡ ትከሻዋ የሚነካውን ዕቃ፣ ማንም አንድ ቀን ስሙን ጠርቶላት አያውቅም ነበር። መምህርቷ መጽሐፉን ቀስ ብላ ከደነች። «ቤት ውስጥ ብዙ ታወራላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። 

በመምህርቷ ምክር ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው አንዲት የልጆች አንጎል ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ዕድሜዋ የገፋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ሚጢጢን አጫወተቻት፣ አስነበበቻት፣ ድምፅ እያሰማች አስደገመቻት፤ ከዚያም ከረዳቷ ጋር ወደ ሌላ ክፍል ላከቻትና ወላጆቹን አስቀመጠቻቸው።

«አንጎል ውስጥ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኙ ክሮች አሉ» አለች። «የኤሌክትሪክ ሽቦ በሏቸው። በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ሽቦዎቹ እየተዘረጉ ነው፤ ልባሳቸውንም መልበስ ይጀምራሉ። ልጃችሁ እነዚያን ወራት ያሳለፈቻቸው መስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእኩዮቿ የበለጠ ሥራ ነበረባት። ሰው ሲያነብ ዐይኑ ያየውን ፊደል ጆሮው ከሚያውቀው ድምፅ ጋር ማገናኘት አለበት። ያ መንገድ የሚጠነክረው ሲኬድበት ነው። ሲወራላት፣ ስትመልስ፣ ደግሞ ሲመለስላት።»

«ጸጥታ ያስፈልጋታል ተብለን ነበር» አለ መቀስ።

«ከማሽን ጩኸት፣ አዎ። ከሰው ድምፅ ማን ከለከላችሁ?»

መቀስ እጆቹን አየ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው?»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አላውቅም» አለች። «እውነቴን ነው የምልዎት። ያለጊዜያቸው ተወልደው፣ ወሬ በሞላበት ቤት አድገው፣ እንደሷው ንባብ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። ጸጥ ባለ ቤት አድገው ደግሞ እንደ ውኃ የሚያነቡ አሉ። ብናወራላት ኖሮ ምን ትሆን ነበር ብለው አይጠይቁኝ፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው መልስ አይሰጥዎትም። የማውቀው፣ ጊዜው እንዳላለፈ ነው። ዛሬውኑ ጀምሩ።»

መቀስ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ጥፋተኛ ነህ ብትለው ራሱን ይረግማል፤ አይደለህም ብትለው ይተኛል። አላውቅም ሲሉት ግን የት ይግባ? ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እማዬ ነግራህ ነበር» አለችው።  «ለኔም ነግራኛለች። እያንዳንዱን ቃል። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።» 

በማግስቱ መቀስ ጣቢያ ሲገባ የተሰጠውን ሥራ ትቶ አንድ የቆየ ቅጂ አወጣ። ሚጢጢ ሕፃን ሳለች ሲያሳስቋትና ሲያስተኟት የቀዳው ነው፤ የመጀመሪያ ድምፆቿን ለማስታወሻ ብሎ አጽድቶ ያስቀመጠው። ማዳመጫውን አጠለቀ።

«አጉ… ጉ» ትላለች ሕፃኗ። ከዚያ ዝም። ረጅም፣ ንጹሕ ዝምታ። ደግሞ «ጉጉ… አባ… ባባ» ትላለች፤ ወደ ላይ የሚነሳ፣ የጥያቄ የመሰለ ድምፅ። ዝም። እንደገና ትሞክራለች። ዝም።

መቀስ ያንን ዝምታ በደንብ ያውቀዋል። ራሱ ነው የደፈነው። በዚያ ቦታ ላይ የሚስቱ ድምፅ ነበረ፣ የእማማ ሬዲዮም «እንዴት ነው ጨዋታው፣ የኔ እመቤት? እንዲያ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ነበረ። እማማ ሬዲዮ ከመቀየማቸው በፊት፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የገባ ድምፅ ነው። ቅጂውን ሲያጸዳ እንደ ሳልና እንደ ወንበር ሲጥታ ቆጥሮ ቆረጠው፤ ዋናውን ቅጂም ደመሰሰው። አሁን ልጁ ትጠይቃለች፣ ማንም አይመልስላትም። ደጋግሞ ሰማው። መስታወቱ ወዲያ ማዶ ዜና አንባቢዋ እጇን እያውለበለበች «ጀምረናል ወይ?» ትለዋለች፤ እሱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እያለቀሰ ነበር።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እማማ ሬዲዮ ሱቅ ሄደ። በሩ ክፍት ነው፤ ገና ከመንገድ ላይ ድምፃቸው ይሰማል። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች፣ እሳቸው ከግርጌዋ ተንበርክከው በአፋቸው መርፌ ይዘው ያወራሉ። እሱን ሲያዩ ግን አፋቸው ከርችም አለ። ደንበኛዋን እስኪሸኙ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያም ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ክር ማስገባት ጀመሩ።

«ምነው? ቀረጻ አለ እንዴ ዛሬ?» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

መቀስ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳው ንግግር ነበረው። ሁሉም ጠፋው። ቃል ሲፈልግ «እእእ» ያለው እሱ ራሱ ሆነ፤ የሚቆርጥለትም የለም።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ዕለት ማሽኑ ሲጮህ… ነርሷ ምን ነበር ያለችው?»

እማማ ሬዲዮ ክሩን ለቀቁት።  ልባቸው ውስጥ ስንት መልስ እንደተዘጋጀ እሳቸው ያውቃሉ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለመርፌው ሲነግሩት የነበረ መልስ ነው። ያንን ሁሉ ዋጡትና ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ እንደ ነርሷ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«‹ጸጥታው ከማሽኑና ከበሩ ነው እንጂ ከናንተ አይደለም። የእናቷን ድምፅ ሆድ ውስጥ ሆና ስትሰማው ነበር፤ ድንገት ነው የተቋረጠባት። ስለዚህ ቀስ እያላችሁ አውሩላት። ምንም ይሁን ምን አውሩላት። ወሬ ካለቀባችሁ የግድግዳውን ቀለም ንገሯት› አለች። ይኸው ነው።»

መቀስ በርጩማው ላይ ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። መሰላሉን ሲነግራቸው እማማ ሬዲዮ ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«አንተን ምን እላለሁ» አሉ፣ እንባቸውን በጨርቅ ቁራጭ እየጠረጉ። «ፈርተህ ነው። ይልቅ እኔ አሮጊቷ! ተሰደብኩ ብዬ አኮረፍኩ። አንተን የቀጣሁ መስሎኝ እሷን ቀጣኋት። ይውጡ ብለህ እግሬ ሥር ወድቀህ ብትለምነኝ እንኳ ከበሩ መነቃነቅ አልነበረብኝም። አፍ እንዳለው ሰው መጮህ ስችል ሻርፔን አንስቼ ወጣሁ!» ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ እማማ ሬዲዮ አፍንጫቸውን ተናፍጠው «እሑድ እመጣለሁ» አሉ። «አፌን ይዤ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ጫማቸውን ሳያወልቁ ቋ ቋ እያሉ ገብተው ሶፋው ላይ ተደላደሉ፤ ከቦርሳቸው የቁልፍ ከረጢት አውጥተው የልብስ ቁልፎቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። ቁልፎቹ እየተንጋጉ ሲፈሱ ሚጢጢ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ነይ እስቲ፣ የኔ እመቤት! ይኼ ቀዩ የማን ካፖርት ቁልፍ እንደነበረ ልንገርሽ? የአንድ ወፍራም ዳኛ ነበር። ሰውዬው ፍርድ ቤት ቆሞ ‹ጸጥታ!› ብሎ ሲጮህ ቁልፉ ጧ ብሎ ተፈናጥሮ የተከሳሹን…»

ሚስቱ ከኩሽና ሳቋ አመለጣት። መቀስም ሳቀ፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ዘመን የለውም። ልቡ እየተከፈተ መጣ። ጊዜው አላለፈም ብላለች ሐኪሟ፤ እውነትም አላለፈም ይሆናል አለ በሆዱ።

ሚጢጢ ግን ወደ አያቷ አልሄደችም። ፊቷ ገርጥቷል። ወደኋላዋ፣ ወደኋላዋ እያለች ከትንሿ ክፍል በር ደረሰችና እጇን ልካ ማብሪያውን ተጫነችው። ቀዩ መብራት በራ። ከዚያም ልክ አባቷ እንደሚያደርገው ትንሿን መዳፏን ወደ ላይ አነሳች።

እማማ ሬዲዮ ዐረፍተ ነገራቸው መሃል ላይ ቆሙ።

መቀስ ቀስ ብሎ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። «ምነው ልጄ? አያትሽ እኮ እያጫወቱሽ ነው። መብራቱን ለምን አበራሽው?»

«ትነቃለች» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ናት የምትነቃው?»

ሚጢጢ እንዴት ይጠይቀኛል በሚል ዐይን አየችው። ጣቷን ወደተዘጋው በር ቀሰረች። «ሕፃኗ።»

 ሚስቱ እጇ እንደረጠበ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች። መቀስ ለአፍታ ያህል አልገባውም። ከዚያ ገባው። ልጁ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከዚያ በር ኋላ ለተኛች እህቷ ስትል ዝም ብላ ኖራለች። ጨዋነቷ ይህ ነበር። ሹክሹክታዋ ይህ ነበር።

ተነሥቶ በሩን ከፈተው። በሩ ተጣብቆ ስለነበር በትከሻው ገፋው። ውስጡ አሮጌው የጨቅላ አልጋ፣ የካርቶን ክምር፣ የታጠፈ መጋረጃ፣ አቧራ። ሚጢጢ በእግሯ ጣቶች ቆማ አልጋው ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች።

«የት ሄደች?»

እማማ ሬዲዮ፣ ለመርፌ እንኳ ወሬ የማያጡት ሴት፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መቀስ ልጁን ከፍ አድርጎ አቀፋት። የሚቆርጠው፣ የሚደፍነው ነገር የለም።

«ሌላ ሕፃን የለችም፣ ልጄ» አለ። «አልነበረችም። ሕፃኗ አንቺ ነበርሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዳትነቂ ብለን ዝም ያልነው… ላንቺ ነው።»

ሚጢጢ መጀመሪያ አልጋውን፣ ቀጥሎ ቀዩን መብራት፣ ከዚያ የአባቷን ፊት አየች። ነገሩን ፊደል በፊደል እየገጣጠመች ያለች ትመስል ነበር።

«እኔ እኮ ነቅቼ ነበር፣ አባዬ» አለች።

ይህንንም ያለችው በሹክሹክታ ነው።